ድፍርሱንም ቢሆን

ኮኪት፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣
አዴት

እንደምን ሰንብተዋል ብዬ ለመጠየቅ አፌ አይደፍርም። ባሏ ከሄደበት ያልተመለሰላት ሴት እንደምን ትሰነብታለች? እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ለልጅዎ ለዋሴም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔን አያውቁኝም። ባለቤትዎ አዱኛ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደው እኔ እርሻ ላይ ነበር። ባሌ ያረጋል ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ስለ ዘመተ፣ ገበሬ ማኅበሩ አጫጅ እንድቀጥር ፈቀደልኝና ጥቂት ሳሉጎች አስገባሁ። ሳሉግ የምንለው ከደጋ ለሥራ የሚወርደውን ሰው ነው፤ ስድብ እንዳይመስልዎት።

ባሌ እንዴት ሞተ፣ ማን አጠገቡ ነበር ብለው በሰው ልከው ለጠየቁኝ የማውቀውን እጽፋለሁ። የገደለው ወባ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ብርድ ብርድ አለው፤ ኪኒን ሰጠነው፤ የተሻለውም መስሎን ነበር። በማግስቱ እኛ ራቅ ወዳለው ማሳ ስንወጣ እሱ ዳሱ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ሰሊጥ እንደሆነ አይጠብቅም፤ ከደረቀ አፉን ከፍቶ ይረግፋል፤ አንድም እጅ ከማሳው ማስቀረት አልቻልንም። ሲመሽ ስንመለስ ነፍሱ ወጥታ አገኘነው። ከቤተ ክርስቲያን ቀብረነዋል። የእኔ ወንድም ቢሆን ከዚያ በላይ አላለቅስም ነበር።

ብቻውን ተጥሎ ሞተ ብለው ግን አይብሰልሰሉ። የጎደለበት ነገር የለም። የእርሻችን ውሃ አመላላሽ የአሥር ዓመቷ ልጄ ዙፋን ናት፤ ከወንዝ እየቀዳች በአህያ ታመጣለች። ያን ቀንም ውሃውን በእጇ አድርሳለታለች። እሷም ልጅ ናትና ሞቱ አስደንግጧት ይኸው እስካሁን እንደ ፈዘዘች አለች። ውሃ ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች፤ በሙቅና በሾርባ ነው የያዝኋት። ያልፍላታል ብዬ ነው።

ጋቢውን፣ ማጭዱንና የውሃ ቅሉን የአገራችሁ ልጅ ቢሻው ይዞ ይመጣል። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንገዳገድ ይቅር ይበሉኝ።

ሐዘንዎ ሐዘኗ የሆነ
አገኘሽ


አዴት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

አገኘሽ፣

የእኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ደብዳቤ የሚጀመረው በአብዮታዊ ሰላምታ ነው ብሎ ነበር ያስተማረን። ዘንድሮ ሰላምታ አልቆብኛል፤ እንዲሁ ጀመርሁ። አንቺም እርስዎ እያልሽ አታስረጂኝ፤ ከሠላሳ ብዙ አልራቅሁም።

ስላለቀስሽለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕቃው ደርሶኛል። ጋቢውን አላጠብሁትም። ቅሉን ዋሴ ወሰደው። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከራስጌው አድርጎ ይተኛል፤ ተው ብለው አይሰማኝም። ቅሉን ፍቆ ያበጀው አባቱ ራሱ ነው። ከቤታችን ታች ያለችውን ምንጭ ቆፍሮ ያወጣ ዕለት የመጀመሪያውን ውሃ ያጠጣን በዚያ ቅል ነበር። አገር ምድሩን ጠርቶ፣ ጠላ የጠመቀ ይመስል፣ ቅመሱልኝ ሲል ዋለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ስለ ራሱ ምንጭ እንኳ ግጥም ያወጣል።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ቢሻው ሰው ማጽናናት ሲጀምር ማቆሚያ የለውም፤ ሲያወራ ሲያወራ ያመለጠው ነገር አለ። ማታ ሲደርሱ የአዱኛ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ነበር አለኝ። ቅሉ አጠገቡ ደርቆ ወድቋል። ከዳሱ ደጅ ያለው መሬት ግን ርጥብ ነበር አለኝ፣ በዚያ ሐሩር። ምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ልጅሽ ስታቀብለው እጁ ተንቀጥቅጦ ደፍቶት ይሆናል። ድገሚኝ ማለትም አፍሮ ይሆናል፤ ለራሱ ሲሆን ሰው ማስቸገር አይወድም።

እባክሽን ልጅሽን ጠይቂልኝ። በመጨረሻ ያየችው እሷ ናት። ምን አለ? ስሜን ጠራ? ዋሴን ጠራው? አንዲት ቃል ብቻ ትበቃኛለች። ልጁ አባቴ ምን ብሎ ሞተ ሲለኝ የምመልስለት አጥቼ ስለ በሬ አወራለታለሁ።

ባልሽን በሰላም ይመልስልሽ።

ሀብትነሽ


ኮኪት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

እህቴ ሀብትነሽ፣

አንቺ በይኝ ካልሽ እሺ ብያለሁ። ስለ ዘገየሁ አትቀየሚኝ። ደብዳቤያችንን እስከ ጎንደር የሚያደርስልን ሾፌሩ ኸሊፋ መኪናው ተበላሽቶበት ከርሟል፤ ጋዝም ከከተማው ጠፍቷል፤ ሰሊጡንም አበራይተን አሁን ገና መጨረሳችን ነው። ስለ ያረጋል ወሬ የለንም። ከእሱ ጋር የዘመተ አንድ ሰው ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ የያረጋልን ስም ግን አላነሣም።

ዙፋንን ጠየቅኋት። ተኝቶ ነበር አለችኝ። ውሃውን አጠገቡ አስቀምጣለት ወጣች። ምንም አልሰማችም። በእንቅልፉ ነው የሄደው፤ ሥቃይም አላየ። ለዋሴ ይህንኑ ንገሪው። ርጥብ መሬት ያልሽው ዕቃ ያጠቡበት ይሆናል፤ ሰው በሐዘን ጊዜ ብዙ ነገር ያያል።

ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ መጥቻለሁና እንዳያልፈኝ ልሂድ። ደህና ሁኝ።

አገኘሽ


ኮኪት፣ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሀብትነሽ፣

ዛሬ አንቺ ለማለት አልደፈርሁም፤ ወደ እርስዎ ተመልሻለሁ። ዋሽቼዎታለሁ። ባለፈው የጻፍሁት አንዱም እውነት የለበትም፤ ወፍጮ ቤትም አልሄድሁም።

ደብዳቤዎን ለዙፋን አነበብሁላት። ምን አለ የሚለው ላይ ስደርስ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ልጄ ምን ሆንሽ ብላት፣ ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ነው ደብቄ ሌላ የጻፍሁልዎት። በጥምቀት ታቦቱ ሲያልፍ ቆሜ ማየት አቃተኝ፤ ስለዚህ ይኸው።

አዱኛ ቀልደኛ እንደ ነበር እኔ አልነግርዎትም። ወንዙ እየጎደለ ሲሄድ ውሃችን ደፈረሰ። አንድ ቀን ጠጥቶ ተፋውና፣ ሳቅ እያለ በአጨዳው ዘፈን ልጄ ላይ ግጥም አወጣባት፦

ውሃ ቀጂዋ ልጅ ምን ይዘሽ መጣሽ፣
አፈር ልታለብሺን ገና ሳንሞትልሽ።

ሳሉጎቹ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲያ አህያዋን እየነዳች ብቅ ባለች ቁጥር ማሳው በሙሉ ይህንኑ ያወርድላታል። በክፋት አልነበረም፤ ለሥራው ማቅለያ ነው። እኔም ስቄያለሁ። እሷ ግን ውሃውን በነጠላዬ እያጠለለች ማምጣት ጀመረች። አጥልላም ዘፈኑ አልቀረላትም። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አግኝቻት፣ በጨዋታ የምታለቅሽ አንቺ ማን ሆነሽ ነው ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ያን ቀን ለታመመው ሰውዬ ውሃ አድርሺለት ብዬ ላክኋት። ደረሰች። ቅሉን ሞላችለት። እጁን ዘረጋ። ይኼም ድፍርስ ነው አለችውና ዓይኑ እያየ ደፋችው። የያዘችውን ጀሪካንም አፍስሳ ጨረሰችው። ምን አለ ብለው ለጠየቁኝ፣ "ልጄ፣ ድፍርሱንም ቢሆን" ነው ያለው። ስምዎንም የልጅዎንም ስም አልጠራም፤ ቢጠራ ኖሮ እነግርዎት ነበር። ያለው ይህችን ብቻ ነው።

ጥዬው ልሄድ አልነበረም ትለኛለች። ትንሽ ላስለምነውና ሌላ ቀድቼ ልመለስለት ነበር ትላለች። ወንዝ ስትወርድ ልጆች ዓሣ ሲይዙ አገኘች። ረሳሁት አለችኝ። ማታ ጠጣ ወይ ስላት ጠጥቷል አለችኝ፤ እኔም ጎበዝ ብዬ ሳምኋት። ወባው ይግደለው ጥማቱ ይግደለው የሚያውቅ የለም። ቢጠጣ ይድን ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?

ቄስ ውባንተን አማከርሁ። ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ እግዚአብሔር ይቅር ብሏታል አሉኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕፃን በሕግ አይጠየቅም፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ አለኝ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እሰው ደጅ ልውደቅ፣ እናንተ አስታርቁኝ ብላቸው፣ ለልጅ ጥፋት ሽምግልና አይቀመጥም፣ የልጅ ጥፋት ጥፋት አይደለም ብለው ተነሡ። ዙፋን ጥግ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሁሉንም ሰምታ ውሃ ሳቀርብላት "እሱ ሳይጠጣ?" አለችኝ።

ልጄ እያለቀችብኝ ነው። ሰው ሁሉ ማራት፤ የማንም ምሕረት አልደረሳትም። የርስዎ ብቻ ነው የቀረው። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ ይቅር ብያታለሁ ይበሉልኝ።

አገኘሽ


አዴት፣ የካቲት 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

አገኘሽ፣

ደብዳቤሽ ከመጣ ሰንብቷል። አንብቤው እንጨት ለቀማ ወጣሁ። ተመልሼ አነበብሁት፤ እንደገና ወጣሁ። የቤቴ እንጨት ለክረምቱ ሁሉ ይበቃል አሁን።

ቄሱ ይቅር አሏት። ሊቀ መንበሩ ማራት። ሽማግሌዎቹ ጥፋት የለባትም አሉ። ሁሉም በእኔ ገንዘብ ቸር ሆነ! ማን ሰጥቷቸው ነው የሚመጸውቱት? አንዱስ እንኳ የሟች ሚስት ምን ትላለች ብሎ ጠይቋል? በሬ ሲሞትም እኮ ባለቤቱ ይጠየቃል።

እሺ፣ ተራው ለእኔ ደረሰ እንበል። ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? ብቻዬን መቅረቴ የእኔ ነው፤ አንድ ቀን ከልቤ ቢወጣ እሱን እተውልሽ ይሆናል። አባት ማጣቱ የዋሴ ነው፤ የእሱን እኔ አልሰጥም። እሱ ደግሞ ልጅ ነው። ያንቺ ልጅ ለመበደል ልጅ ከሆነች፣ የእኔ ልጅ ይቅር ለማለት እንዴት አድርጎ ትልቅ ይሆናል? ጥማቱ ግን፣ አገኘሽ፣ ጥማቱ የእኔም አይደለም የዋሴም አይደለም። የአዱኛ ነው። ይዞት ገብቷል። ሄደሽ ከመቃብሩ ጠይቂው።

አታውቅም ይሉልሻል። የተጠማ ሰው ለማወቅ ስንት ዓመት ይፈጃል? ዋሴ ጥጃው ሲጠማ ከፊቱ ያውቀዋል። ያወጣባትን ግጥም መልሳ በቃሉ የመታችው ልጅ አታውቅም አትበሉኝ። ግጥሙ አናዷት ነው። ትናደድ። አፉን በድንጋይ ትምታው። ውሃ ግን?

ባልሽ ሰሜን ነው። አንድ ቀን ቆስሎ ከአንድ ጥላ ሥር ቢወድቅ፣ ውሃ የምታቀብለው የማን ልጅ እንደሆነች አስበሽ ታውቂያለሽ?

ውሃ አልጠጣም አለች ብለሽ ታስፈራሪኛለሽ። ትጠማ። እሱ እንደ ተጠማ ትጠማ። ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ሀብትነሽ


ኮኪት፣ መጋቢት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

እህቴ፣

አትጻፊልኝ ስላልሽኝ እስከ ዛሬ እጄን ያዝሁ። ያልሽኝ ሁሉ ይገባኛል፤ ስለ ያረጋል ያልሽውም ይገባኛል። አሁን የምጽፈው ሌላ በር ስለ ሌለኝ ነው።

ደብዳቤሽን ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ደብቄው ነበር። ዙፋን ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ንባብ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀላታል። ፈልጋ አገኘችውና አነበበችው። ብታለቅስ ደስ ባለኝ። "እማ፣ ትጠማ ብለዋል" አለችኝ፣ ልክ እንደ ታዘዘ ሰው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሙቁንም ሾርባውንም ተወችው። ዳቦ ቆርሳ ታላምጣለች፤ ምራቅ ስለ ሌላት መዋጥ ያቅታታል። አንቺ ደገኛ ነሽ፣ የቆላ መጋቢት ምን እንደሆነ አታውቂውም። እዚህ ውሻ እንኳ ከጥላ ወጥቶ አይጮህም።

ራሷን ስታ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ጉሉኮስ ሰቀሉላት፤ ነፍሷ መለስ አለች። ስትነቃ መርፌውን ነቀለችው። በግድ አጠጫት ብለውኝ፣ ልጄን ጉልበቴ ሥር አድርጌ አፏን ፈልቅቄ አፈሰስሁባት። በአፍንጫዋ መለሰችው። አንቺም እናት ነሽ፤ ይህን አንዴ ያደረገች እናት ደግማ አታደርገውም። በእጄ ላይ እየሞተችብኝ ነው ሀብትነሽ። እየቀበርኋት ያለሁ ይመስለኛል።

ይዣት ልመጣ ይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ። መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ የዘማች ሚስትም ከቀበሌዋ አትወጣም ብለው ከለከሉኝ። በእግሬ እሄዳለሁ ብዬም ነበር፤ እሷን አዝዬ የት እደርሳለሁ?

ያደረግሁትን አንድ ነገር ልንገርሽና ናቂኝ። በአንቺ ስም ደብዳቤ ጻፍሁ። ልጄ ዙፋን፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ጠጪ ብዬ ጻፍሁና ኸሊፋ አመጣው ብዬ ሰጠኋት። ጥቂት አየችውና መለሰችልኝ። "ይህ ያንቺ እጅ ነው እማ። ደግሞ እሳቸው እንዲህ አይሉም" አለችኝ። አንቺን አይታሽ አታውቅም፤ በዚያች በአንዲት ደብዳቤ ግን ከሰው ሁሉ ለይታ አወቀችሽ።

ስለዚህ አንቺው ጻፊው። ከልብሽ ይሁን አልልም፤ በወረቀት ብቻ። ይቅር ብያለሁ ብለሽ ዋሺልኝ። የውሸቱን ኃጢአት እኔ እሸከመዋለሁ፤ ከፈለግሽም እርግማንሽን ወደ እኔ አዙሪው። የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ወንዝ ዳር ስታለቅስ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። ልጄን ብቻ ተይልኝ።

አገኘሽ


አዴት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

አገኘሽ፣

አልዋሽልሽም።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ዋሴ አጠገቤ ነበር። ካሁን አሁን ይጠይቀኛል እያልሁ ስሸሸው ከርሜያለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ፊቴን አይቶ ለቀቅ አላደርግሽም አለኝ። ሁሉንም ነገርሁት። ግጥሙን፣ ድፍርሱን፣ ትጠማ ማለቴንም። ብድግ ብሎ ወጣ። አጥሩን በድንጋይ ሲደበድብ እሰማዋለሁ። ድንጋዩ ሲያልቅበት ተመለሰና፣

"ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ።

"አሥር" አልሁት።

"አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?"

ይህን ብሎ ሄዶ ጥጃውን ፈታ። እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። ልጅሽ ተናዳ ውሃ ደፋች። እኔ የእሷን ዕድሜ ሦስት ጊዜ አልፌ፣ ትጠማ ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ፖስታውን በምራቄ ለጥፌ ላክሁ። እሷ ረስታ ነው ያልተመለሰችው። እኔ ግን አስቤበት ነው፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ ሳለ እንኳ፣ ደርሶላት ይሆን እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ስነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ለእሷ አንብቢላት። እጄን ታውቀዋለች።

ዙፋን፣

አዱኛን ውሃ የከለከልሽው አንቺ ነሽ። ልጅ ነሽ፤ ግን አንቺ ነሽ። ምንም አላደረግሽም ሲሉሽ አለማመንሽ ትክክል ነው። እኔም አላምናቸውም።

ይቅር አላልሁሽም። ወደፊት እልሻለሁ ብዬም ቃል አልገባልሽም። የእሱን ይቅርታ ደግሞ ሊሰጥሽ የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም፤ ቄስም ይምጣ ሽማግሌ። ተቆጥቼብሻለሁ፤ ይህን ስጽፍም እንደ ተቆጣሁ ነኝ። እየተቆጣሁ ግን ውሃ ልኬልሻለሁ። ሰው ተቆጥቶም ውሃ ይሰጣል። ያን ቀን ያላወቅሽው ይህችን ነው፤ እኔም ትጠማ ያልሁ ቀን ጠፍታኝ ነበር። ያልሁትን አንሥቻለሁ።

ቅሉ የእሱ ነው። ውሃው እሱ ቆፍሮ ካወጣው ምንጭ ነው። የቀዳልሽ ልጁ ዋሴ ነው። እሱም ተቆጥቷል፤ እኔም አልማርኋትም በይልኝ ብሏል። ቅሉን ግን ከራስጌው አውርዶ ራሱ ሞላው፤ ውታፉንም እንዳይፈስ ብሎ እየደጋገመ አጠበቀው።

ቅሉን ትመልሺዋለሽ። በሰው እጅ አልቀበልም። ስታድጊ ራስሽ ይዘሽው ወደ አዴት ትመጫለሽ። ያኔ ዋሴም ሰው ሆኖ ይጠብቅሻል። ይማርሽ አይማርሽ፣ ሁለታችሁም ትልቅ ሆናችሁ ፊት ለፊት ትነጋገሩታላችሁ፤ ልጅነታችሁን የሚያነሣባችሁ አይኖርም። እኔም ካለሁ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። የሞተ ሰው ግን ቅል አይመልስም። ስለዚህ ጠጪ።

አገኘሽ፣ ቢሻው ለምንጣሮ ወደ እናንተ እየወረደ ነውና እሱ ያደርስልሻል። መንገድ ላይ እንዳይጠጣው በመስቀል አስምዬዋለሁ፤ ለጠላው ያላስማልሁት ሰው ለውሃ ማለ። ልጅቷ ከእሱ በፊት ሄዳ ከሆነ ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም። ያኔ እኔም ይቅር የሚለኝ ፈላጊ እሆናለሁ፤ ማንን እንደምጠይቅም እንጃ።

ሀብትነሽ


ኮኪት፣ ግንቦት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

እህቴ ሀብትነሽ፣

ቢሻው የደረሰው በፋሲካ ማግስት ነው። በየኬላው አረቄ ነው ብለው ቅሉን እየከፈቱ ሲያሸቱበት፣ አንድ ወታደር ጠምቶኝ ነበር ልቅመሰው ቢለው፣ የሰው አደራ ነው፣ ከምሰጥህ ምታኝ ብሎት ነው ያለፈው። ውታፉ አልተነካም ማለት አልችልም፤ ውሃው ግን ሙሉ ነበር።

ዙፋን ከአልጋ መነሣት ትታ ነበር፤ ራሷን በሳተች ቁጥር ጤና ጣቢያው ጉሉኮስ እየሰቀለላት ነው እስከዚያ የቆየችው። በፋሲካ ጎረቤቱ ጾም ሲፈታ የእኔ ቤት ዝም ብሎ ነበር፤ ሴቶቹም ደጅ ደጁን እያዩ ሊያለቅሱልኝ ተዘጋጅተው ነበር። ከአጠገቧ ተቀምጬ የጻፍሽላትን አነበብሁላት። "አለማመንሽ ትክክል ነው" ከሚለው ስደርስ ዓይኗን ገለጠች።

"ድገሚው" አለችኝ።

ደገምሁት።

"ዛሬም ተቆጥተዋል?"

"አዎ ልጄ።"

"ይቅር አላሉኝም?"

"አላሉሽም።"

እናት ሆኜ ይህን ለምትሞት ልጄ ስመልስ ምላሴ አልተሳሰረም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ወረቀቱን ተቀበለችኝና እጅሽን በጣቷ እየተከተለች አየችው። ከዚያ አለቀሰች። ከጥቅምት ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ዕንባ በዚያ በደረቀ ገላ የት ነበር?

ቅሉን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ከሥር ብቻ ደገፍሁላት። በጣሳ ቀንሼ ሳየው፣ መንገዱ ሲንጠው ስለ ከረመ ውሃው ደፍርሷል። ላጠልልልሽ ብዬ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳወርድ፣ አይ አለችኝ። ድፍርሱን እንዳለ ጠጣችው።

የመጀመሪያውን አስመለሳት። አርፋ ደግማ ጠጣች። አሁን ጥቂት በጥቂት ትወስዳለች። የጤና ጣቢያው ሰው ገላዋ በጣም ተጎድቷልና አትቸኩይ ብሎኛል፤ እኔም ደስ አለኝ ብዬ ለመጻፍ ፈራሁ። ትናንት ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ አዴት ለመድረስ መኪና ስንት ቀን ይሄዳል ብላ ጠየቀችኝ።

ቅሉን ከራስጌዋ ሰቅላዋለች። አልላክሁልሽም።

አገኘሽ